በእርቁ ቀን ያልተነገረ

ደምሰው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሚኒባስ ሲነዳ፣ ሰው ቀርቶ ውሻ ገጭቶ አያውቅም ነበር። ከሀይሌ ጋርመንት መካኒሳ አቦ ባለው መስመር የሚመላለሱ ተሳፋሪዎች እንዲያውም ቀስ ማለቱን ያሙበታል። የቸኮለ ሰው የእሱን መኪና ትቶ የኋላኛውን ይጠብቃል እየተባለ ተራ ላይ ይቀለድበት ነበር። እሱም ይስቃል እንጂ አይመልስም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ መንገድ ዳር ከቆመ የአሸዋ ገልባጭ ጀርባ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሮጣ ወጣችበት። ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ፤ የቆመው ግን ልጅቷን ከመታ በኋላ ነበር።

ኦብሴ ትባላለች። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ቶሌራ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ እዚያው አካባቢ ሲያርስ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ነው። ከእርሻው በተረፈችው ጓሮ ጎመን ይተክላል፣ ማታ ደግሞ የመጋዘን ጥበቃ ነው። እናቷ ቡዜ ላሞች አሏት፤ ጠዋት ጠዋት በኮንዶሚኒየሞቹ እየዞረች ወተት ታድላለች።

ፖሊስ መረመረ፣ መኪናው ተፈተሸ፣ ያዩ ሰዎች መሰከሩ። ፍጥነት አልነበረውም፣ አልጠጣም፣ ስልክ አልያዘም። ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናበተው። ከዚያ በፊትም ሽማግሌዎች ገብተው ነበር። የልጅቷ ቤተሰብ ትልቅ ሰው የሆኑት ኦቦ ቀጄላ ነገሩን በእጃቸው ይዘው፣ በወጋቸው መሠረት ጉማው፣ የደም ካሳውና እርቁ፣ ተፈጽሞ ደሙ ደረቀ ተባለ። በእርቁ ቀን ደምሰው ነጠላውን አገልድሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አንድም ቃል እንዳይናገር ተነግሮታል፤ የሚናገሩለት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የቶሌራን ጉልበት ሳመ። ቶሌራም አነሣው። ቡዜ ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ስለነበረች አላያትም። የበሩ መጋረጃ ሲነቃነቅ ብቻ አየ።

ሁሉም ነገር እንደሚገባው ሆነ። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ መንገድ መተላለፍ ቻሉ። እዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ካላለቀ መዘዙ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ሁሉም ያውቃል።

ደምሰው ግን አላለቀለትም። መኪናውን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ቤት ዋለ። ሞተር ሲነሣ በሰማ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። የገዛ ልጁ አጠገቡ ስትቀመጥ ሰበብ ፈልጎ ይነሣል። ምግብ ይቀርብለታል፤ ይቆርስና እጁ ላይ ይዞት ይቀራል። ሚስቱ ፅጌረዳ ወረዳ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ወደ አቦ ጠበል ወሰደችው። ሲጠመቅ ሰውነቱ ቀለል ይለዋል፣ አንድ ሁለት ሌሊትም ይተኛል፤ ከዚያ ያው ይሆናል። የነፍስ አባቱ ቀኖና ሰጡት፣ ጨረሰ፣ ፈቱት። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ለፅጌረዳ የሶሬቲን ስልክ ሰጠቻት።

ሶሬቲ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ቢሮዋ ለቡ መብራት ኃይል፣ ከሥሩ ፋርማሲና ሞባይል መጠገኛ ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደምሰው መጀመሪያ ቀን ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ አላበድኩም አላት። ያበደ ሰው እዚህ ድረስ ደረጃ ወጥቶ አይመጣም ብላ አስቀመጠችው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ነገረችው። እሷም የተወለደችው እዚሁ ክፍለ ከተማ ነው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ኦሮምኛ ነው፤ የልጅቷን ቤተሰብ በዝና እንጂ በአካል አታውቃቸውም። ይህ የሚከብደው ከሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ ልትልከው እንደምትችል ነገረችው። ደምሰው ትንሽ አሰበና፣ እንዲያውም እንዲያ ይሻላል አለ። ለምን እንደሚሻል አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

የሶሬቲ አሠራር ቀስ ያለ ነው። ለሚመጣላት ሰው ሁሉ ጥናት ፍቱንነቱን ያሳየውን ሕክምና ትፈልጋለች፤ ያገኘችውን ግን እንዳለ አንሥታ ሰውየው ላይ አትጭንም። ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚያፍር ትጠይቃለች። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቿ በዚህ አሠራሯ ጊዜ ታባክናለች ይሏታል።

ለደምሰው መንገዱ ግልጽ መሰላት። አደጋ ያየ ሰው የፈራውን ነገር እየሸሸ ሲኖር ፍርሃቱ ይገዝፋል፤ በዝግታ ሲቀርበው ግን ይቀንሳል። ይህ በብዙ አገር በብዙ ሰው ላይ ተፈትኖ የሠራ ነገር ነው። ስለዚህ ከመኪናው ጀመሩ። መጀመሪያ በቆመች ሚኒባስ ውስጥ ከመሪው ኋላ መቀመጥ ብቻ። ከዚያ ሞተር አስነሥቶ መቀመጥ። ከዚያ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ገና ከቅዳሴ ሳይወጣ፣ ጭር ባለ የውስጥ መንገድ ላይ ትንሽ መንዳት። ሶሬቲ አጠገቡ ተቀምጣ ፍርሃቱ ምን ያህል እንደሆነ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። አንዳንድ ቀን መናገር አቅቶት ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። በዓመቱ ጥር ሲገባ አደጋው የደረሰበትን ቦታ ነድቶ አለፈ። ፅጌረዳ ደውላ ሶሬቲን መረቀቻት።

ጎን ለጎንም ሶሬቲ ጥፋተኛነቱን ልታቀልለት ሞክራ ነበር። ወረቀት ላይ ክብ ሣለችና፣ ለዚያ አደጋ ምክንያት የሆነውን ሁሉ እያሰበ እንዲከፋፍለው ጠየቀችው። ያለ ቦታው የቆመው ገልባጭ፣ መሻገሪያ የሌለው መንገድ፣ የልጅቷ መሮጥ፣ ማንም ሊከለክለው የማይችል ዕድል። ደምሰው እንደ ተማሪ ታዝዞ ከፋፈለ። ለራሱ የቀረችው ቀጭን ቁራጭ ናት። ሶሬቲ፣ እንግዲህ ይዩት አለችው። ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየው፤ ከዚያ በጥንቃቄ አጥፎ፦

«ይሄን ወስጄ ለእናቷ ልስጣት?» አለ።

ስላቅ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ከስቷል። ዓይኑ ጎድጉዷል። መንዳቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

«መንዳቱን ቻልኩ። እንግዲህ ምን ቀረኝ?»

ቃሉ የምስጋና ይመስላል። ድምፁ ግን ሥራውን ጨርሶ ሊሰናበት የተነሣ ሰው ድምፅ ነበር። ሶሬቲ ያንን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። ዞር ሳትል፣ ቃል ሳታለሰልስ፣ ሞትን እያሰበ እንደሆነ ጠየቀችው። ደምሰው መሬት መሬት እያየ አዎ አለ። ካንገት በላይ እንዳልሆነም ከነገራት ነገር ገባት።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ፈቃዱን ጠይቃ ፅጌረዳን ከሥራ ቦታዋ አስጠራቻት። ፅጌረዳ መጥታ ሰማች፤ አላለቀሰችም፤ የባሏን መዳፍ ይዛ ምን ማድረግ እንዳለባት ብቻ ጠየቀች። ብቻውን እንዳይሆን ተስማሙ፤ ወንድሙ መጥቶ አብሯቸው እንዲያድር ሆነ። በማግሥቱ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም አየውና መድኃኒት ጀመረ። ሶሬቲ ጠዋትና ማታ ትደውልለት ነበር። ብዙውን ጊዜ «አለሁ» ብቻ ብሎ ይዘጋል። ለእሷም ያ ይበቃት ነበር።

ባለፈው ክረምት ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሯት፤ ነገር ሲከብዳት የምትሄደው ወደ እሳቸው ነው። የታካሚውን ስም ሳትጠራ ሁሉንም ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟትና፣ አንቺ ያከምሽው ፍርሃቱን ነው፤ ፍርሃቱም ድኗል፤ ይሄ ሰው የሚታመመው በፍርሃት አይመስለኝም አሏት። ቤቷ ገብታ ማንበብ ጀመረች። በጦርነት ላይ ኅሊናቸው የማይቀበለው ነገር በገዛ እጃቸው ስለፈጸሙ ወታደሮች የተጻፉ ጥናቶች ነበሩ። ሳያስቡ ሰው ስለገደሉ ሹፌሮች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ጉማ ስለተፈጸመለት የአዲስ አበባ ሹፌር የተጻፈ ደግሞ ምንም የለም። ከወታደሮቹ ጥናት ውስጥ አንድ ሐሳብ ያዘች፤ እንዲህ ያለውን ሰው ጥፋት የለብህም እያሉ መከራከር አንዳንዴ ብቻውን ያስቀረዋል።

ስለዚህ ደምሰው ሲመጣ ክርክሯን ተወች። ሰው ሁሉ አንተ ምንም አላደረግህም ይልዎታል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ ብላ ጠየቀችው።

«ልጅ ገድያለሁ» አለ።

«አዎ» አለች ሶሬቲ። «በእርስዎ መኪና ነው የሞተችው።»

ከአደጋው ጀምሮ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ሚስቱም ቃሉን ከአፉ ሳይጨርሰው ይቀሙት ነበር። ደምሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሰዓቱ ቢያልቅም ሶሬቲ አላስነሣችውም።

ከዚያ በኋላ የዚያን ጠዋት ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርክላት ጠየቀችው። ይህም በጥናት የታወቀ መንገድ ነው፤ ሰውየው የሚሸሸውን ትዝታ ደጋግሞ ጮክ ብሎ ሲናገረው፣ ትዝታው እንደፈለገው እየመጣ የሚያንቀው መሆኑ ይቀራል። ደምሰው ተረከ። ከተራ እንደወጣ፣ ረዳቱ ምን እንዳለ፣ ገልባጩ የት እንደቆመ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደጮኸ። ከዚያ ግን ዘሎ ሰው እንደተሰበሰበ ይናገራል። በሁለተኛው ትረካም እዚያው ላይ ዘለለ። በሦስተኛውም። መኪናው ከቆመበት ሰው እስከተሰበሰበበት ድረስ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

በዚህ ጊዜ ተናገረ። ወርዶ ሮጠ። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ዓይኗ ተከፍቶ ታየዋለች። አጠገቧ ተንበረከከ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው። ደምሰው ከኦሮምኛ የሚያውቀው ሰላምታና ጥቂት የተራ ላይ ቃል ብቻ ነው። ደግማ አለችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ቃሉ ግን ከነድምፁ ጆሮው ላይ ቀረ። ሌሊት የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ማንንም ትርጉሙን ጠይቆ አያውቅም፤ ምናልባት ለምን ገደልከኝ ብላው ይሆናል፣ ምናልባት ረግማው ይሆናል።

ሶሬቲ፣ ቢነግሩኝ ልተረጉምልዎ እችላለሁ አለችው። ደምሰው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«እርስዎ እንደሚሰሙት አውቃለሁ። መጀመሪያ መስማት ያለባት ግን እናቷ ናት። የእሷ ነው።»

በዚያ ሳምንት ሶሬቲ ካነበበችው አንድ ሌላ ነገር ሞከረች። የማንን ቃል ቢሰማ እንደሚያምን ጠየቀችው። የነፍስ አባቱን ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን፣ እግዚአብሔርማ ይቅር ብሎኛል፣ እሱ መሐሪ ነው፤ እኔ የምፈራው ቡዜን ነው አላት። ባዶ ወንበር ፊቱ አድርጋ ቡዜ እዚህ ብትቀመጥ ምን ይሏታል አለችው። በዝግታ፣ እየተደናቀፈ፣ ተናገረ። እሷስ ምን የምትመልስልዎ ይመስልዎታል ስትለው ግን ወንበሩን አይቶ አይቶ፣ አላውቅም፣ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም አለ። ባነበበችው መጽሐፍ ላይ ሰውየው ሁለቱንም ወገን ሆኖ ይናገራል ይላል። ደምሰው መጋረጃ ሲነቃነቅ ብቻ ያያትን ሴት ሆኖ መናገር አልቻለም። ሶሬቲም አልገፋችውም።

ሁለቱን በአካል ማገናኘት የሚለው ሐሳብ የመጣላት ያኔ ነው፤ ያስፈራትም ያኔ ነው። ቡዜ ታካሚዋ አይደለችም። የአንዱን ቁስል ለማሻር የሌላዋን መንካት አይገባም። መምህሯን ደግማ አማከረች። እሳቸውም፣ ሴትየዋ አልፈልግም ማለት የምትችልበት መንገድ ካልተገኘ እንዳትነኪው አሏት። ደምሰውን አስፈቅዳ ኦቦ ቀጄላ ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከአጥራቸው ወዲያ ፎቅ እየተሠራ ነው። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፣ አያቷን አወቋቸው። የመጣችበትን ስትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። የደረቀ ደም አይጫርም አሏት። ሶሬቲ አልተከራከረቻቸውም። እርቁን የሚያፈርስ ነገር እንዳላመጣች፣ ሰውየውም የሚጠይቀው ነገር እንደሌለ፣ ልጅቷ በመጨረሻ የተናገረችው ቃል ጆሮው ላይ እንዳለና ያንን ለእናቷ ማድረስ እንደሚፈልግ ብቻ ነገረቻቸው። ቡዜ አልሻም ካለች እዚያው እንደሚቀርም ጨመረች።

ኦቦ ቀጄላ ከተደገፉበት ቀና አሉ።

«ልጅቷ ተናግራ ነበር?» አሉ። «ቡዜ ያን ጊዜ ማን አጠገቧ ነበር እያለች ስትጠይቅ ከረመች። እኛ ዝም በይ፣ ቁስልሽን አትነካኪ አልናት።»

ከሁለት ቀን በኋላ ደወሉላት። ቡዜ እሺ ብላለች፤ ግን የሶሬቲ ቢሮም ሆነ የቡዜ ቤት አይሆንም፤ እሳቸው ግቢ ይሁን። ቶሌራም ያውቃል፤ ራሱ አይመጣም፣ አልከለከላትም ግን።

ሶሬቲ ደምሰውን አዘጋጀችው። ያን የዘለለውን ክፍል ሳይዘል፣ ሳያሳጥር፣ ከነዝርዝሩ መናገር እስኪችል ድረስ አብረው ተለማመዱ፤ ልጅቷ ያለችውን ቃል ብቻ ባዶ አድርጎ ያልፈዋል። ቡዜ ልትጮህበት፣ ልትሰድበው፣ ተነሥታ ልትሄድም እንደምትችል፣ ያም መብቷ እንደሆነ ነገረችው። ይቅርታ ለመቀበል ከሆነ የሚሄደው ባይሄድ እንደሚሻል አስረግጣ ነገረችው። እሱም ይህን አውቄያለሁ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ቡዜ ቀድማ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። ደምሰው ገብቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ተቀመጥ አለችው። ኦቦ ቀጄላ በሩ አጠገብ፣ ሶሬቲ በመካከላቸው ወደ ጎን ተቀመጡ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የኮንክሪት ማደባለቂያ ይጮህ ስለነበር ለመነጋገር አልተቻለም። አራቱም አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ማደባለቂያው ሲቆም ቡዜ ቀና አለች።

«ስትደርስባት በሕይወት ነበረች?»

«ነበረች። ዓይኗ ተከፍቶ ታየኝ ነበር።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም። አንድ ነገር አለችኝ፤ ኦሮምኛ ስለማላውቅ አልገባኝም። ሁለት ጊዜ ነው ያለችኝ። ከፈቀዱልኝ እንደሰማሁት ልንገርዎ።»

ቡዜ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ደምሰው ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ፣ «ሀርካ ኮ ቀቢ» አለ።

ሶሬቲ ሰማችው። ፊቷን ወደ መሬት መለሰች፤ የዚያን ጊዜ ባለሙያ መሆኗ አልረዳትም። ኦቦ ቀጄላ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ቡዜ ግን እንዲደግመው ጠየቀችው። ደገመው። እንደገና፣ አሁን ራሷ በለሆሳስ፣ ልጇ ለእሷ ስትለው እንደነበረው አድርጋ አለችው። ከዚያ በአማርኛ ነገረችው።

«እጄን ያዢኝ ማለት ነው።»

ደምሰው አላለቀሰም፣ አልተንቀሳቀሰም። ቡዜ ፊቱን አተኩራ ታየዋለች።

«ይዘሃት ነበር?»

«ይዤያት ነበር። ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ ነው የያዝኳት። ትንፋሿ እስኪቆም አልለቀቅኋትም፤ ከዚያም በኋላ ሰዎቹ እስኪያስለቅቁኝ ድረስ።»

«የቱን እጇን?»

«ግራዋን።»

ቡዜ የራሷን መዳፍ ገልብጣ አየችው። ጠዋት ጠዋት መንገዱን የማሻግራት እኔ ነበርኩ አለች፤ ማንን እንደምታናግር አይታወቅም። ያን ቀን ላም ልትወልድ ስታምጥ ስለነበር ሂጂ፣ መኪና አይተሽ ተሻገሪ ብላ ከበር ላይ ልካታለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው በኦሮምኛ ነበር፤ ከሶሬቲና ከሽማግሌው በቀር የገባው የለም፤ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩትም።

ደምሰው ተነሥቶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል በእጇ ከለከለችው።

«ተው። ቤተሰቤ ይቅር ብሎሃል፤ ቃላቸውን አላፈርስም። እኔ ራሴ ግን ገና ነኝ።» ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጄ ብቻዋን ነው የሞተችው ብዬ ነበር። ብቻዋን አልነበረችም። ይሄን ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ።»

ወጥታ ሄደች። ኦቦ ቀጄላ ተከትለዋት እስከ መንገድ ሸኟት።

ሰው ቢሰማው፣ ደምሰው ያን ቀን ድኖ ወጣ ብሎ ያስብ ይሆናል። እንዲያ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ከሁሉ የከፋ ነበር። ቃሉ ትርጉም ካገኘ ወዲህ ቀንም ይሰማው ጀመር፣ ምግብ እምቢ አለው፣ ፅጌረዳም ምን አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ ብላ ሶሬቲን ተቆጣቻት። ሶሬቲ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ቀድማ ነግራቸው ስለነበር አልተደናገጠችም፤ ስልኩ ቀጠለ፣ ወንድምየውም እንደገና መጥቶ ከረመ። ከዚያ የሌሊት እንቅልፉ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በፋሲካ ሰሞን ደምሰው ከልጁ ጋር ገበታ ላይ ተቀምጦ በላ። መድኃኒቱን ሐኪሙ ቆይቶ ቀነሰለት። ሞትን ያስብ እንደሆነ ሶሬቲ በየጊዜው ትጠይቀዋለች፤ አንድ ቀን፣ አስባለሁ፣ ግን እንደ ሰው ሁሉ ነው አሁን የማስበው አላት።

ወደ መንዳት ሲመለስ መስመር ቀየረ። ሶሬቲ ይህን ስትሰማ ሥጋት ገባት፤ የተማረችው ትምህርት የሸሸኸው ነገር ይገዝፋል ይላልና። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ቡዜ በዚያ መንገድ ጠዋት ወተት ይዛ ታልፋለች፤ ገና ነኝ ብላኛለች፤ በየቀኑ የእኔን መኪና ማየት የለባትም አላት። ሶሬቲ አሰበችበትና ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አላነሣችም።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ በሚዘንብበት አንድ ቀን፣ ቡዜ ሳትደውል ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጣች። ጃንጥላዋን በር ላይ አስደገፈች። ደምሰውን የምታክሚው አንቺ ነሽ አይደል አለች በኦሮምኛ። ሶሬቲ ስለ ሌላ ሰው መናገር እንደማትችል፣ ስለ ራሷ ከሆነ ግን ጊዜ እንዳላት ነገረቻት። ወደ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠቻት። ልጆቻቸው ለሞቱባቸው ወላጆች የሚሰጠውን ሕክምና ሶሬቲ ታውቀዋለች፤ እዚያም ውስጥ የሞቱን ሰዓት ደጋግሞ መተረክ አለበት። ከየት እንደሚጀምሩ ግን አልወሰነችም፤ አዴ ቡዜ፣ ምን ሆነሽ መጣሽ ብላ ጠየቀቻት።

ቡዜ ስለ ሞቷ ማውራት አልፈልግም አለች። እሱን አገኘሁት፣ ይዤዋለሁ። ቤት ውስጥ ግን ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። እኔ ስጠራ ቶሌራ ተነሥቶ ይወጣል። ጎረቤት ሲመጣ ወሬ ይቀይራሉ። ልጅ ያልነበረኝ ይመስላል።

«እንዴት እንደነበረች ነው ማውራት የምፈልገው» አለች። «ተንኮለኛ ነበረች። ታውቂያለሽ?»

ዝናቡ የታችኛውን ቆርቆሮ ይመታ ስለነበር ሶሬቲ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። ተመልሳ ተቀመጠችና፣ አላውቅም፣ ንገሪኝ አለቻት። ቡዜም ኦብሴ ከተወለደችበት ቀን ጀመረች።